እስከ ፋሲካ የምትቆይ እንግዳ

መጋቢት 8 ቀን 2017፣ ሰኞ

ይህ ደብተር የፓምፕ ጥገና ማስታወሻዬ ነበር። ዛሬ ገልብጬ ከጀርባው ጀመርኩት፤ ለሰው የማላወራው ነገር መጣብኝ።

ጠዋት ኩልፎ ወንዝ ዳር፣ በዘካሪያስ ሙዝ እርሻ ውስጥ የአንዱን ፓምፕ ሆድ ዕቃ ዘርግፌ ሳለ ከአዲስ አበባ ተደወለ። የማላውቃት ሴት ናት። «የትንሳኤ ልጅ ይፍሩ አንተ ነህ?» አለችኝ። ከቤሩት በአንድ አውሮፕላን መምጣታቸውን፣ ትንሳኤን ከመቀመጫዋ ደግፈው እንዳወረዷት፣ ቀኝ ጎኗ እንደማይታዘዝላትና አንደበቷም እንደተያዘ ነገረችኝ። አሠሪዎቿ ከአንድ ሻንጣና ከአንድ የሐኪም ወረቀት ጋር አሳፍረዋታል። ከዚያ ስልኩን ሰጠቻት። መጀመሪያ ትንፋሽ ሰማሁ፤ ቀጥሎ «ያላ» የሚል። በዐረብኛ «እንሂድ» ማለት ነው መሰለኝ።

ትንሳኤ እናቴ ናት። ስሟን ነው የምጠራው። የሄደችው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነ። ያሳደገችኝ ምዕራብ ዓባያ ያለችው እህቷ ዳና ናት፤ «እማዬ» የምለውም ዳናን ነው። ይህን የምጽፈው ቂም ይዤ አይደለም። ነገሩ እንደዚያ ስለሆነ ነው።

«አሳፍሪልኝ» አልኩ። ሌላ ምን ይባላል? ፓምፑን ገጣጥሜ ሳስነሳው ውሃ አልስብ አለ። ጎሚኒውን ሳላስገባ ነው የዘጋሁት። ዘካሪያስ ሳቀብኝ።

መጋቢት 9

የእትዬ አመለወርቅ ሕግ ክፍሉን ስከራይ ነው የተነገረኝ፦ አንድ ክፍል፣ አንድ ሰው። ስድስት ክፍል ያከራያሉ፤ ከእኔ በቀር ሁሉም ተማሪ ነው። እኔ ሳልመጣ በፊት አንድ የታመመ ተከራይ እዚሁ ግቢ ሞቶባቸው፣ ተማሪው ሁሉ ፈርቶ ወጣ፤ ክፍሉም ዓመት ሙሉ ጾሙን አደረ። ይህን ታሪክ ሲቀላ ሰፈር ውስጥ ያልሰማ የለም።

ዛሬ ምስር ሲለቅሙ አገኘኋቸውና እናቴ ልትጠይቀኝ እንደምትመጣ ነገርኳቸው። እስከ መቼ እንደሆነ ጠየቁኝ። አፌ «እስከ ፋሲካ» አለ። እኔ አይደለሁም፤ አፌ ነው። እንግዳ አይከለከልም አሉና ወደ ምስራቸው ተመለሱ።

ስለ ሕመሟ አላነሳሁም። ስላልጠየቁኝ ነው።

መጋቢት 12፣ ዓርብ

መጣች። መናኸሪያ ሁለት ተሸካሚዎች እንደ ጆንያ ሊያወርዷት ሲሉ ተቆጥቼ ራሴ አቅፌ አወረድኳት። ቀላል ናት። በልቤ የያዝኳት ሴት ረጅም ነበረች።

ፊቴን ለረጅም ጊዜ አየችው። በግራ እጇ ጺሜን ነካች፤ «ያላ» አለች። ሳልፈልግ ሳቅሁ።

እትዬ አመለወርቅ በር ላይ ነበሩ። የምትጎትተውን እግር አዩ፣ እኔን አዩ፣ ደግመው እግሩን አዩ። በጋሞኛ «ሳሮ» ብለው ሰላም አሏት። ለእኔ ያሉኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «እስከ ፋሲካ።»

መጋቢት 14፣ እሑድ

አልጋው ለእሷ፣ ስፖንጁ ለእኔ። ይህ ቀላሉ ነው።

ከባዱ መጸዳጃው ነው። ጉድጓድ ነው፤ ቁጢጥ ማለት ይጠይቃል። በአንድ እግር ቁጢጥ አይባልም። ዛሬ ጠዋት የሆነውን አልጽፈውም። አጠገባችን ያለችውን ኖላዊትን እየሮጥኩ ጠራኋት፤ የውሃ ምሕንድስና ተማሪ ናት፣ ከደብረ ብርሃን የመጣች። ከእሷ ጋር ከሰላምታ ያለፈ ቃል ተነጋግረን አናውቅም ነበር። ገባች፣ በሩን ዘጋችብኝ፣ አጠበቻት። ስትወጣ «ሌላ ጊዜም ጥራኝ» አለች እንጂ ምንም አላለችም። እኔ ከውጭ ግድግዳ ተደግፌ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

መጋቢት 17

ዛሬ አሸነፍኩ!

ዘካሪያስ የጣለው አሮጌ የፓምፕ እግር ነበር፤ ባለ አራት ማዕዘን ወፍራም ብረት። የላስቲክ ወንበር መቀመጫውን በመጋዝ ከፍቼ እላዩ አሰርኩት፣ በግራ በኩል መያዣ በየድኩበት፣ መጸዳጃው ጉድጓድ ላይ አቆምኩት። የሰው ልጅ ጨረቃ ላይ ሲወጣ እንደዚህ የተደሰተ አይመስለኝም። ትንሳኤ ለብቻዋ ገባች። ለብቻዋ! ውጭ ቆሜ ስጠብቅ ከውስጥ «ሎኦ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። በጋሞኛ ጥሩ ነው ማለት ነው። ከመጣች ጀምሮ ከ«ያላ» ሌላ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ስለ መጸዳጃ መሆኑን ለማንም አልናገርም።

ተማሪዎቹ ሲጠቀሙ እንዲያነሱት ነግሬያቸዋለሁ።

መጋቢት 20

ወንበሩ ከቦታው ሳይነሳ ነው የሚውለው። ማን እንደሚጠቀምበት አላውቅም። እትዬ አመለወርቅ ጉልበታቸውን ያማቸዋል።

መጋቢት 26፣ ዓርብ

ሆስፒታል። እንቅስቃሴ የሚያሠራት ባለሙያ እግሩ እንዳልሞተና በቀን ሦስት ጊዜ መራመድ እንዳለባት ነገረን። አንደበቷም ይመለሳል፣ ግን በራሱ ጊዜ ነው የሚመለሰው፤ አታጣድፋት አለኝ። የማጣድፍ እመስላለሁ?

ስንመለስ በመስኮት በኩል እትዬ አመለወርቅ ከኖላዊት ቀጥሎ ላለችው ተማሪ ለብሩክታዊት ሲያወሩ ሰማሁ። «ከዚህ ግቢ ሁለተኛ ሬሳ አይወጣም» ይላሉ። ትንሳኤ ክንዴን ይዛ ነበር። የሰማች አልመሰለኝም። ክንዴን አጠበቀችው፤ ደረጃው ስላስቸገራት ይሆናል።

ሚያዝያ 3

ቸኩያለሁ። ሦስት ፓምፕ በአንድ ቀን። ትንሳኤ ወድቃ ነበር፤ ደህና ናት። ማታ በዝርዝር እጽፋለሁ።

ሚያዝያ 5

አልጻፍኩም።

ሚያዝያ 12፣ ፋሲካ

እትዬ አመለወርቅ ዶሮ ወጥ በሳህን ይዘው መጡ። ለእንግዳዋ ነው። አጠገቧ ተቀምጠው አጎረሷት፣ የወረደውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉላት፣ ስለ ጨንቻ አወሩላት። ሁለቱም የዚያ ደጋ ልጆች መሆናቸውን ያወቅሁት ዛሬ ነው። ትንሳኤ «ሎኦ፣ ሎኦ» ትላለች። እንዲህ ዓይነት ሴት ሰው ታስወጣለች ብሎ የሚያስብ ማነው ብዬ ልቤ ተንሳፈፈ።

ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ዞረው «መኪናዋ መቼ ነው?» አሉኝ።

«ከዳግማይ ትንሳኤ በኋላ» አልኩ። በገዛ ስሟ ዋሸሁባት።

ሚያዝያ 20፣ ሰኞ

ዳግማይ ትንሳኤ ትናንት አለፈ። ዛሬ ከሥራ ስገባ እትዬ አመለወርቅ ግቢው መካከል ቆመው ጠበቁኝ። ያልለመድኩት እርጋታ ነበራቸው፤ ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር።

«ይፍሩ፣ እንግዳ ናት ወይስ ነዋሪ?»

የሥራ ዕቃዬን መሬት አስቀመጥኩ።

«መጀመሪያውኑ ብትነግረኝ እምቢ እልህ ይሆናል፤ አላውቅም። የዋሸኸኝ ግን ቁርጥ ነው።» እስከ ግንቦት 10 ክፍሉን እንድለቅ ነገሩኝ። ለሰው ክፉ ሆነው እንዳልሆነ፣ ቤቱ ግን እንጀራቸው እንደሆነ አስረዱኝ። በየቃሉ ልክ ናቸው፤ የሚያናድደኝም ይኼ ነው።

ውሸት እግር የለውም ይባላል። የእኔው እስከ ዳግማይ ትንሳኤ ተራምዷል፤ ከትንሳኤ ይበልጣል።

ይህን ቀልድ በመጻፌ አፍሬያለሁ። አልሰርዘውም።

ሚያዝያ 24

ቤት ፍለጋ። ሦስት አየሁ። «ስንት ናችሁ?» «ሁለት።» «ባለቤትህ ናት?» «እናቴ።» «ደህና ናት?» እዚህ ላይ ንግግሩ ያልቃል። ሴቻ ሰፈር ያገኘሁት ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃው ሃያ ሁለት ነው፣ ቆጥሬዋለሁ።

ግንቦት 2፣ ቅዳሜ

ይህን በቀን አልጽፈውም ብዬ ማታ ድረስ አቆየሁት።

ለኩልፎ ድልድይ የቀረበ አንድ ጥሩ ክፍል ተገኘ፤ ምድር ቤት፣ መጸዳጃው ባለ መቀመጫ። ትንሳኤን አብሬ ወሰድኳት፣ እንድታየው። ባጃጁ ማዞሪያው ላይ ሲደርስ ግን አስቆምኩት። «አንቺ እዚህ ቆዪኝ፣ መጣሁ» አልኳት። ባለቤቱን ብቻዬን ላናግር፣ ከተስማማን በኋላ ትምጣ ብዬ ነው። ሰውዬው ጥሩ ሰው ነበር፤ ተስማማን፣ እጅ ተመታታን። ከዚያ አመጣኋት። ሰውዬው እሷን አየ፣ ሰዓቱን አየ፣ የወንድሙ ልጅ ትናንት ክፍሉን እንደያዘው አሁን ትዝ አለው።

እሱን አልወቅስም። ማዞሪያው ጋ የደበቅኋት እኔ ነኝ። ስመለስ ባጃጁ ውስጥ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ፣ የማይታዘዘውን እጇን ከጉያዋ ከትታ ነው ያገኘኋት። እንደተደበቀች አውቃ እየረዳችኝ ነበር። ሰው በሰው ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲኖር መደበቅ ይለምድ ይሆን? እኔ ግን ማን ነኝ? በዚያ በሰው ቤት ደመወዟ አይደል ተምሬ የወጣሁት?

ግንቦት 4፣ ሰኞ

ዳና ጋ ደወልኩ፤ ለጥቂት ወር ብቻ ብትወስዳት ብዬ። ሦስት የልጅ ልጅ ቤቷ አለ፤ ራሷም አርጅታለች። «ልጇን አሳድጌ አስረክቤአለሁ፣ ይፍሩ። አሁን ተራው የልጇ ነው» አለችኝ። አልተቆጣችም። ስልኩን ላውድ ላይ አድርጌው ነበር፤ ልማድ ነው፣ እጄ ቅባት ስለሚሆን። ትንሳኤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ራቷን አልበላችም።

ስድስት ቀን ቀረኝ።

ግንቦት 5

ኖላዊት አንድ ነገር አወጣች። እኔ ሥራ ስሄድ ትንሳኤ ግድግዳ እየያዘች እስከ ግቢው በር ትሄዳለች፤ በየቀኑ። ዝናቡ መንገዱ ላይ ያበቀለው ሳር ያንሸራትታታል፤ ተቀምጣ በግራ እጇ እየነቀለች መንገዷን ትጠርጋለች። ለምን እስካሁን እንዳልነገረችኝ ኖላዊትን ጠየቅኋት። ትንሳኤ ዝም በይ እንደማለት ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ «ለእሱ» ብላታለች።

«ለእሱ።» ይህ ቃል ነው። ከመቼ ጀምሮ ነው ይህን ቃል የምትለው?

ግንቦት 8፣ ዓርብ

ከየት ልጀምር።

ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጥሎ አባርቷል። ስገባ በሩ ላይ ሰው ተሰብስቧል። ሞተች ብዬ አሰብኩ። ገፍቼ ስገባ እትዬ አመለወርቅ ጭቃው ላይ ተቀምጠዋል፣ ነጠላቸው ቆሽሿል፣ እናቴን በክንዳቸው አቅፈዋል፣ ሁለቱም ያለቅሳሉ። ከጎናቸው የጎረቤታችን አባት ጉግሳ በትራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ማንም ምንም አይነግረኝም። በመጨረሻ የነገረችኝ ኖላዊት ናት፤ ነገሩን በዓይኗ ብታይም ምን እንደሆነ ግን አልገባትም ነበር።

እናቴ መንገዷን ስትነቅል ነበር። እትዬ አመለወርቅ ከገበያ ተመልሰው የግቢውን በር ከፈቱት። እናቴ ልትነሣ ሞከረች፤ እግሯ ከዳት፤ ፊት ለፊት ተደፍታ በጉልበቷ ቀረች። በግራ እጇ ጭብጥ ሙሉ እርጥብ ሳር ነበር። እትዬ አመለወርቅ ዘንቢላቸውን ለቀቁት፤ ሽንኩርቱ ተንከባለለ። ባሉበት ደርቀው ቀሩ። አባት ጉግሳ በዚያው እያለፉ ነበርና ቆባቸውን አወለቁ። እናቴ አልተነሣችም። እትዬ አመለወርቅ «ትቻለሁ። ተነሺ፣ ትቻለሁ» አሉ።

የደብረ ብርሃን ልጅ ከየት ታውቃለች። በእኛ በጋሞ አገር አባቶች እርጥብ ሳር ይዘው ፊትህ ከተንበረከኩ ቂምህም፣ ዱላህም፣ ቁርጥ ያልከው ነገርም እዚያው ያበቃል። ሳር ይዞ የለመነን ሰው አልፎ መሄድ ጎሜ፣ እርም ነው፤ ጎሜ ደግሞ ቤትህንም ልጅህንም ተከትሎ ይመጣል ይባላል። ሴት ስትይዝ ግን አይቼ አላውቅም። በግራ እጅማ ጭራሽ። አንዱ ሰውዬ ይህንኑ ሲያጉረመርም አባት ጉግሳ ዞሩበት። «ያላትን እጅ ነው የዘረጋችው» አሉት።

እትዬ አመለወርቅ እያነሷት ወደ እኔ ዘወር አሉ። «እናትህ ከዚህ አትሄድም። ይኼ ቤቷ ነው። ያልተመቸው ተማሪ ቤት ይፈልግ።» በሕዝብ ፊት ነው ያሉት። በሕዝብ ፊት!

ማታ አጠብኳት፤ ራሴ። ክርኗ ተላልጧል፣ አገጯም ጭረት አለበት፤ ፊት ለፊት ነው የወደቀችው። መዳፏ ግን ምንም አልሆነም፤ አረንጓዴ ብቻ ነው።

ግንቦት 9

ተኝታ አደረች። እኔ አልተኛሁም። አንድ ነገር ይከነክነኛል።

እናቴ እኮ የለመነችው ነገር የለም። እግሯ ነው የከዳት። ሳሩም የመንገድ ሳር ነው።

ግንቦት 13

እትዬ አመለወርቅ የግቢውን መንገድ ጠጠር አስደፉ። ማለዳ ማለዳ እናቴን ክንዷን ይዘው ያራምዷታል። እሷ እግሯን፣ እሳቸው ጉልበታቸውን። በጋሞኛ ያወራሉ፤ አንዷ ብዙ፣ አንዷ ጥቂት። ብሩክታዊት እንደፈራሁት ወጥታ አልሄደችም። ትናንት የእናቴን ፀጉር ሠራችላት።

ሁሉም ነገር መልካም ነው። ለምን አልተኛም?

ግንቦት 18

ለዘካሪያስ ነገርኩት። ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ዝም በል። እግዜር በግራ እጅ ሲሰጥህ ቀኝህን አምጣ ትለዋለህ?» አለኝ። ምክር ከሆነ ጥሩ ምክር ነው።

ግን አንድ ጊዜ እዚህ ግቢ በውሸት ገብታለች። ሁለተኛም በስሕተት ልትቀመጥ? አንድ ቀን አንዱ አዋቂ «አይ፣ እሷ እኮ መንገድ ስትጠርግ ነበር» ቢላቸው ምን ይሉኛል? «መጀመሪያውኑ ብትነግረኝ» ይላሉ። ያንን ቃል ሁለተኛ ከምሰማ ሃያ ሁለቱን ደረጃ አዝያት ብወጣ ይሻለኛል።

ከተናገርኩ ደግሞ ልናጣው ነው። ጠጠሩ፣ ወንበሩ፣ የማለዳው እርምጃ፣ ሁሉም።

ግንቦት 23፣ ቅዳሜ

ተናገርኩ።

ጠዋት እትዬ አመለወርቅና እናቴ ከእርምጃቸው ተመልሰው በረንዳው ላይ ተቀምጠው ነበር። ፊታቸው ቆምኩና በአንድ ትንፋሽ ዘረገፍኩት። ፋሲካ ያልኩት ውሸት እንደነበር፣ ዳግማይ ትንሳኤ ያልኩትም ውሸት እንደነበር፣ ያን ቀንም እናቴ መንገዷን ስትጠርግ እግሯ ከድቷት እንጂ ለምና እንዳልነበር። «ቃልዎን በስሕተት ነው የሰጡን። ከፈለጉ ይመልሱት። ቤት እፈልጋለሁ» አልኩ።

እትዬ አመለወርቅ ጉልበታቸውን እያሻሹ ቆዩ።

«አንተ ስለ ፓምፕ ታውቃለህ» አሉ በመጨረሻ። «ሳር የያዘ ሰው ልቡን መርምሩ የሚል ወግ ሰምተህ ታውቃለህ? ሳሩን ያየሁት እኔ ነኝ። ትቻለሁ ያልኩትም እኔ። ዶሮ ወጥ ያጎረስኳትን ሴት እንዴት አድርጌ ነው የማስወጣት እያልኩ እንቅልፍ ያጣሁትም እኔ ነኝ። እግዜር ምክንያት ሰጥቶኝ ስገላገል አንተ ልትመልስብኝ መጣህ? አልቀበልህም።»

ገና አልጨረሱም፤ ወደ እናቴ ዞረው በጋሞኛ ጠየቋት። ልጅሽ ወድቃ ነው ይላል፣ እውነት ነው? አሏት።

እናቴ ራሷን ነቀነቀች። አዎ። እኔም እንዳልኩት ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

ከዚያ አፏን ከፈተች። ቃሉ ሲመጣ ይታያል፤ ከሩቅ እንደሚመጣ ሰው ነው፣ መጠበቅ ብቻ ነው። ማንም አላጣደፋትም። የግራ እጇን አነሣች፣ ከፈተችው፣ መልሳ ጨበጠችው። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ስትናገር ፊት ለፊት ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት መናኸሪያ ላይ ነበር።

«እግሬ ወደቀ» አለች። «ሳሩን ግን አልለቀቅሁትም።»